ቅቤ፣ የኑግ ዘይት፣ ግሊሰሪንና ቫዝሊን፦ በምዕራብ ጎጃም የፊት ቆዳ ማለስለሻዎች ይዘት ንጽጽር

መግቢያ

በምዕራብ ጎጃም ክረምቱ አብቅቶ በጋው ሲገባ የፊት ቆዳ መድረቅ ይጀምራል። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት ዝናብ እምብዛም አይጥልም፤ አየሩ ይደርቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ የቀኑ ፀሐይ ይበረታል። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር፣ ቡሬ ደግሞ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ይገኛሉ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ በአውድማ የሚውለው ገበሬም ሆነ በገበያ ሜዳ ተቀምጣ የምትሸጠው ነጋዴ ከድርቀቱ በተጨማሪ የጨረሩ ጫና ይደርስባቸዋል። ቆዳው ይነጣል፣ ይሻክራል፤ ከንፈር ይሰነጠቃል።

ለዚህ ችግር የአካባቢው ሰው የሚጠቀምባቸው መፍትሔዎች ከሁለት ወገን የመጡ ናቸው። አንደኛው ከጓዳ የሚወጣው ለጋ ቅቤና የቅባት እህል ዘይት ነው። ሁለተኛው ከሱቅና ከፋርማሲ የሚገዛው ቫዝሊን፣ ግሊሰሪን፣ ሎሽንና የፊት ክሬም ነው። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወዳድረው ዋጋን፣ ሽታንና በማሸጊያው ላይ ያለውን ሥዕል ነው። ይህ ጽሑፍ ግን የሚያነጻጽረው በውስጣቸው ያለውን ይዘትና ያ ይዘት በቆዳ ላይ የሚሠራውን ሥራ ነው። መከራከሪያው አጭር ነው፦ አንድ ማለስለሻ የሚመዘነው በስሙ ወይም በዋጋው ሳይሆን ከሦስት ሥራዎች የትኛውን በመሥራቱ ነው፤ ሦስቱንም የሚሠሩ ርካሽ ነገሮች በአካባቢው አሉ፤ ይዘቱ ያልተገለጸ ቅባት ግን ምንም ያህል ፈጥኖ ቢያለሰልስ ሊታመን አይገባም።

የንጽጽሩ መሠረት፦ ቆዳ ውኃን እንዴት ይይዛል?

የቆዳ ውጫዊው ንብርብር ከወረቀት የሳሳ ነው። አሠራሩ በጭቃ ከተያያዘ የድንጋይ ግንብ ጋር ይመሳሰላል። ድንጋዮቹ ጠፍጣፋ የሆኑ የሞቱ ሕዋሳት ሲሆኑ፣ በመካከላቸው ያለው ጭቃ ደግሞ ከሴራማይድ፣ ከኮሌስትሮልና ከስብ አሲዶች የተሠራ ቅባት ነው። ጭቃው ሲሳሳ ወይም በተደጋጋሚ የሳሙና እጥበት ሲጠረግ ከውስጥ ያለው ውኃ በስንጥቆቹ በኩል ይተናል፤ አቧራ፣ ጀርምና አስቆጪ ኬሚካሎችም በዚያው በኩል ይገባሉ። ስለዚህ ደረቅ ቆዳ የመልክ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ መከላከያው የተዳከመ ቆዳ ነው።

በዚህ መሠረት የማለስለሻ ይዘቶች በሦስት ይከፈላሉ። የመጀመሪያዎቹ ውኃ ሳቢዎች ናቸው፤ ውኃን ወደ ውጫዊው ንብርብር ስበው ያቆያሉ። ሁለተኛዎቹ ክፍተት ሞዮች ናቸው፤ በሕዋሳቱ መካከል ገብተው ሻካራውን ያለሰልሳሉ። ሦስተኛዎቹ ሸፋኞች ናቸው፤ በቆዳው ላይ ተዘርግተው ትነቱን ያግዳሉ። ጥሩ የፊት ቅባት የሚባለው ቢያንስ ሁለቱን፣ ቢቻል ሦስቱንም የሚያጣምር ነው።

ለጋ ቅቤ

ቅቤ በአብዛኛው ስብ ሲሆን ቀሪው ውኃና ከእርጎው የተረፈ የወተት ዝቃጭ ነው። ከስቡ ውስጥ ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ፓልሚቲክና ኦሌይክ የተባሉት አሲዶች ናቸው፤ ለቆዳ ቅባት መሠሪያ የሚያስፈልገው ሊኖሌይክ አሲድ በውስጡ ያለው በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ቅቤ ጥሩ ክፍተት ሞይና መካከለኛ ሸፋኝ ነው፤ ውኃ ሳቢነት ግን የለውም ማለት ይቻላል።

ጉድለቱ ሁለት ነው። በመጀመሪያ፣ ካልፈላ ወተት የሚናጥ በመሆኑ ጀርም ሊይዝ ይችላል፤ በተሰነጠቀ ወይም በቆሰለ ፊት ላይ መቀባቱ አይመከርም። በሁለተኛ ደረጃ፣ ሲከርም ስቡ እየተሰባበረ ቡቲሪክን የመሰሉ አሲዶች ይፈጠራሉ፤ የበሰለ ቅቤ ሽታ የሚመጣው ከእነዚህ ነው፤ ፊትንም ሊያስቆጡ ይችላሉ። በተጨማሪም በሰው ቆዳ ላይ የሚኖረው ማላሴዢያ የተባለው ፈንገስ የሚመገበው ስብን ነው። በቅንድብና በአፍንጫ ግራና ቀኝ ቅርፊት የሚወጣባቸው ሰዎች ቅቤ በቀቡ ቁጥር ቅርፊቱ የሚብስባቸው ስለዚህ ሊሆን ይችላል። ቅቤ ለጸጉርና ለጤናማ የሰውነት ቆዳ ያለው ባህላዊ አገልግሎት እንደተጠበቀ ሆኖ፣ ለፊት ግን ከቀሪዎቹ ጋር ሲነጻጸር ቀዳሚ ምርጫ አይሆንም።

የኑግ ዘይት

ኑግ መገኛው ኢትዮጵያ የሆነ የቅባት እህል ነው፤ ጎጃምም በስፋት ከሚያመርቱት አካባቢዎች አንዱ ነው። በኢትዮጵያ ኑግ ዘይት ውስጥ ከስብ አሲዶቹ 70 በመቶ ገደማና ከዚያም በላይ የሚሆነው ሊኖሌይክ አሲድ ነው። ይህ አሲድ በሰው አካል ውስጥ የማይመረት ሲሆን፣ ቆዳ የራሱን ሴራማይድ ለመሥራት ይጠቀምበታል።

የዘይት ዓይነት ልዩነት እንደሚያመጣ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ የብሪታንያ ጥናት አሳይቷል። በዚያ ጥናት ለሳምንታት በክንድ ላይ የተቀባው የወይራ ዘይት የቆዳውን መከላከያ ሲያዳክምና ቀላል መቅላት ሲያስከትል፣ የሱፍ አበባ ዘይት ግን መከላከያውን ሳይጎዳ እርጥበቱን አሻሽሏል። የወይራ ዘይት በኦሌይክ፣ የሱፍ አበባ ዘይት ደግሞ በሊኖሌይክ አሲድ የበለጸገ ነው። የኑግ ዘይት በይዘቱ የሚቀርበው ለሁለተኛው ነው። ከውጭ የሚገባው የፓልም ዘይት ግን በአብዛኛው ፓልሚቲክና ኦሌይክ አሲድ ስለሆነ «ዘይት ሁሉ አንድ ነው» ብሎ በኑግ ምትክ መጠቀም ስሕተት ነው።

የኑግ ዘይት ድክመት ቶሎ መበላሸቱ ነው። ሊኖሌይክ አሲድ ከአየርና ከብርሃን ጋር ፈጥኖ ይዋሐዳል፤ ዘይቱም ይኮመጥጣል። ስለዚህ ለፊት የሚውለው ያልተጠበሰበት፣ በቅርብ የተጨመቀ፣ በጠቆረ ጠርሙስ ተከድኖ ከፀሐይ የራቀ መሆን አለበት። ቅርፊት የሚወጣባቸው ሰዎችም ስለ ቅቤ የተጠቀሰውን ጥንቃቄ እዚህም ሊያስቡበት ይገባል።

ግሊሰሪን

ግሊሰሪንን በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከወይራ ዘይት ለይቶ ያገኘው ስዊድናዊው ኬሚስት ካርል ቪልሄልም ሼለ ነው። ዛሬ በፋርማሲዎች በትንሽ ጠርሙስ የሚሸጥ ሲሆን፣ ከውኃ ሳቢዎች ሁሉ በዋጋው የረከሰና በብዛት የተጠና ነው። ቆዳ ራሱም በተፈጥሮው ግሊሰሪን አለው።

በበጋ ወራት ግን አጠቃቀሙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አየሩ እርጥበት ካጣ ያልተበረዘ ግሊሰሪን ውኃውን የሚስበው ከአየሩ ሳይሆን ከታችኛው የቆዳ ክፍል ነው፤ የተሳበውም ውኃ ይተናል። «ግሊሰሪን ተቀብቼ ይበልጥ ደረቅሁ» የሚል አቤቱታ የሚሰማው በዚህ ምክንያት ነው። መፍትሔው በውኃ በርዞ፣ ፊት ከታጠበ በኋላ ሳይደርቅ መቀባትና በላዩ ላይ ሸፋኝ መደረብ ነው።

የዚህ ርካሽ ይዘት ጉልበት በኢትዮጵያ ምድር ተፈትኗል። ፖዶኮኒዮሲስ፣ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው የእግር እብጠት፣ በባዶ እግር በቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለረጅም ዓመታት በመሄድ የሚመጣ ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ከ15 ዓመት በላይ ከሆናቸው ነዋሪዎች 3.3 በመቶው በበሽታው መያዛቸው ታውቋል። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ሌላ የኢትዮጵያ ጥናት ደግሞ የታማሚዎች እግር በሚዘፈዘፍበት ውኃ ላይ 2 በመቶ ግሊሰሪን መጨመር ያለውን ውጤት ለ3 ወራት ተከታትሏል። ግሊሰሪን የተጨመረላቸው ሰዎች ቆዳ ከተለመደው እንክብካቤ ይልቅ ውኃን የመያዝ ብቃቱ ተሻሽሏል፤ የተጠቀሙትም ውኃ ያነሰ ነበር። የፊት ቆዳ ከእግር ቆዳ የሳሳና ወዝ የሚበዛው ቢሆንም የመከላከያው አሠራር ግን አንድ ነው። በሽታ ያዳከመውን ቆዳ የረዳ ይዘት በርካሽነቱ ብቻ ሊናቅ አይገባም።

ቫዝሊን

ቫዝሊን የንግድ ስም ሆኖ ሳለ በአማርኛ የይዘቱ መጠሪያ ሆኗል፤ ትክክለኛ ስሙ ፔትሮላተም ነው። አሜሪካዊው ሮበርት ቼስብሮ በ1872 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ይህ የነዳጅ ተረፈ ምርት በደንብ ከተጣራ በኋላ ለቆዳ ይውላል። ከሸፋኞች ሁሉ ጠንካራው እርሱ ነው፤ በቆዳ በኩል የሚተነውን ውኃ እስከ 98 በመቶ ሊያግድ ይችላል። ውኃ ስለሌለው ጀርም አይራባበትም፣ ማቆያ ኬሚካልም አያስፈልገውም፤ የማላሴዢያ ፈንገስም አይመገበውም።

ነገር ግን ቫዝሊን እርጥበትን አይጨምርም፤ ያለውን ብቻ ይጠብቃል። በደረቀ ፊት ላይ ሲቀባ የሚጠብቀው ድርቀትን ነው። እርጥብ ፊት ላይ በስሱ ሲቀባ ግን ሥራውን ይሠራል። በቀን አቧራ ስለሚይዝና ስለሚያንጸባርቅ ለሌሊት ይበልጥ ይስማማል።

የፋብሪካ ክሬምና ሎሽን

የፋብሪካ ክሬሞች ከላይ የተዘረዘሩትን ሥራዎች በአንድ ማሸጊያ ያጣምራሉ። በመለያቸው ላይ ይዘቶች የሚዘረዘሩት በክብደታቸው ቅደም ተከተል ነው፤ የበዛው ይቀድማል፣ ከ1 በመቶ በታች የሆኑት መጨረሻ ላይ ይሰፍራሉ። በአብዛኛው ሎሽን መጀመሪያ ላይ የሚገኘው «አኳ» ማለትም ውኃ ነው። ቀጥሎ ግሊሰሪን፣ ፔትሮላተም ወይም ፓራፊን ሲገኝ ገዢው ዋናውን ይዘት አገኘ ማለት ነው። በማሸጊያው ፊት በትልቁ የተጻፈው የማር ወይም የሬት ስም በዝርዝሩ መጨረሻ ከሽቶው አጠገብ ከተገኘ ግን የተከፈለበት ለስሙ ነው። ሽቶም ለቆዳ አለርጂ ከሚዳርጉ ይዘቶች አንዱ በመሆኑ ፊቱ ቶሎ የሚቆጣ ሰው ሽቶ የሌለውን ቢመርጥ ይሻለዋል።

ክሬሙ በዋጋው ልክ የሚያስገኘው ጥቅም በአብዛኛው ምቾት ነው፦ ቶሎ ይሰርጋል፣ አያንጸባርቅም። ይህ ለሚከፍል ሰው ተገቢ ምርጫ ነው። ዕለታዊ ወጪዋን የምትቆጥብ እናት ግን ያለ እርሱ የልጆቿን ፊት መንከባከብ ትችላለች።

የተሸሸገው ይዘት

ከባዱ አደጋ ያለው በማለስለሻ ስም በሚሸጡ የማቅያ ቅባቶች ላይ ነው። መነሻው ብዙ ጊዜ ማድያት ነው። ማድያትን የሚያብሰው በዋናነት የፀሐይ ብርሃን ሆኖ ሳለ፣ ብዙዎች ፊትን በሚያቀላ ክሬም ለማጥፋት ይሞክራሉ። በእነዚህ ቅባቶች ውስጥ ሃይድሮኪኖን፣ ሜርኩሪ፣ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ሊገኝ ይችላል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ኃይለኛ ስቴሮይዶች ናቸው፤ በሐኪም ትእዛዝ ለተወሰነ ጊዜ የሚሰጡ መድኃኒቶች እንጂ ማለስለሻዎች አይደሉም።

አታላይነታቸው ፈጣን በመሆናቸው ላይ ነው። ስቴሮይድ ቁጣን ስለሚያበርድ ቆዳው በጥቂት ቀናት ይለሰልሳል፣ ይቀላል፤ ተጠቃሚዋም የተሻለ ማለስለሻ ያገኘች ይመስላታል። ከወራት በኋላ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሮች ይወጣሉ፣ ብጉር ይበዛል፤ ሲቆም ደግሞ ፊት ይቀላል፣ ያቃጥላል። ሃይድሮኪኖን ያለ ቁጥጥር ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ለመጥፋት የሚያስቸግር ሰማያዊ የመሰለ ጥቁረት ሊያስከትል ይችላል፤ የአውሮፓ ኅብረት በ2001 እ.ኤ.አ. ከቆዳ ማቅያ የውበት መጠበቂያዎች አግዶታል። ሜርኩሪ በቆዳ ሰርጎ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል፤ በሚናማታ ስምምነት መሠረትም በውበት መጠበቂያዎች ውስጥ እንዳይጨመር ተከልክሏል። በኢትዮጵያ የውበት መጠበቂያዎች በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ቁጥጥር ይደረግባቸዋል። ሆኖም በገበያ ሜዳ ላይ የመጀመሪያው ተቆጣጣሪ ገዢው ራሱ ነው። የይዘት ዝርዝር፣ የአምራች አድራሻና የማብቂያ ቀን የሌለው፣ ወይም ከትልቅ ዕቃ ተቀንሶ በብልቃጥ የሚሸጥ የፊት ቅባት ዋጋው ምንም ያህል ቢቀንስ ውድ ነው።

ማጠቃለያ

ከንጽጽሩ የሚገኘው ውጤት ለምዕራብ ጎጃም በጋ የሚስማማ ቀላል አሠራር ነው። ፊትን በለብ ያለ ውኃና በጥቂት ሳሙና መታጠብ፤ ሳይደርቅ በውኃ የተበረዘ ግሊሰሪን መቀባት፤ በላዩ ለሌሊት ስስ ቫዝሊን፣ ለቀን ጥቂት ጠብታ ያልከረመ የኑግ ዘይት መደረብ። ማንኛውም አዲስ ቅባት ፊት ላይ ከመዋሉ በፊት በክንድ ውስጠኛ ክፍል ለጥቂት ቀናት ቢሞከር ይመረጣል። ከእነዚህ አንዱም የፀሐይ መከላከያ አይደለም፤ ማድያትንም ሆነ የፀሐይን ጉዳት ለመቀነስ ባርኔጣ፣ ነጠላና ጃንጥላ ከማንኛውም ማቅያ ክሬም ይበልጣሉ። የሚያሳክክ፣ የሚቆስል ወይም በሁለትና ሦስት ሳምንት የማይሻሻል ድርቀት ግን ማለስለሻ ሳይሆን የጤና ባለሙያ ምርመራ ይሻል።

የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ስለ ንጽሕና በሚያስተምሩበት ጊዜ የቅባት መለያ ንባብን ቢያክሉበት ጥቅሙ ከመልክ ያልፋል። «አኳ»፣ «ግሊሰሪን»፣ «ፔትሮላተም»፣ «ሃይድሮኪኖን» እና «ክሎቤታሶል» የሚሉትን አምስት ቃላት በመለያው ላይ በሚጻፉበት በላቲን ፊደል ለይታ የምታውቅ ወጣት፣ የምትከፍለው ለምን እንደሆነና ከምን መራቅ እንዳለባት ታውቃለች።