ዓሣው ሐላል ነው፤ ዘሩን ማጥፋትስ?

ወገኖቼ! ዓሣ ሳይታረድ ሐላል መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። አላህ የፈቀደልን ግን እንድንመገበው እንጂ ዘሩን እንድናጠፋው አይደለም።

በጣና ሐይቅ ነጭ ዓሣ ከሚባሉት የባርበስ ዝርያዎች ብዙዎቹ በሌላ ስፍራ አይገኙም። በርካቶቹ በክረምት ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ሽቅብ ዋኝተው በጠጠሩ መካከል እንቁላል ይጥላሉ። በዚያ ወቅት በወንዙ አፍ መረብ መዘርጋት እናቲቱን ከነዘሯ መልቀም ነው። ሆዷ በእንቁላል የተወጠረ ዓሣ ለገበያ ቀርባ አይቻለሁ። አጥኚዎችም ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ቁጥራቸው ክፉኛ መቀነሱን መዝግበዋል።

ጥፋቱ የአጥማጁ ብቻ ነውን? ገዢ ከሌለ መረቡን ማን ይዘረጋል? እንግዲያው ጣናን ልንጎበኝ ስንሄድ በነሐሴና በመስከረም ነጭ ዓሣ ይቅርብን። ኢስራፍ ከገበታ በተረፈ ምግብ ብቻ አይለካም።