የታሰረ እጅ ምን ይሠራል?

«ችግር በቅቤ ያስበላል» ይላሉ አበው። ለመሆኑ አካል ሲጎዳ ጥበብስ ምን ትሆናለች? ይህን ጥያቄ ያነሳሁት ከመጽሐፍ አግኝቼው ሳይሆን በራሴ ስለደረሰ ነው።

ባለፈው ክረምት መካነ ሰላም ቤተሰቦቼ ጋ ሳለሁ ጭቃ አዳለጠኝና ቀኝ ክንዴ ተሰበረ። በጀሶ ታሰረ። ጋዜጠኝነት ለሚማር ሰው የሚጽፍበት እጅ ሲታሰር አፉ እንደታሰረ ያህል ነው። «ባይመለስልኝስ?» እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

እናቴ አክርማዋን እየቀለመች «ግራህን ማን ከለከለህ?» አለችኝና ደብተሬን ትራስ ላይ አመቻቸችልኝ። በግራ እጄ በቀን ሦስት መስመር ብቻ ጻፍኩ፤ ስለ ዝናቡ፣ ከዓባይ በረሃ ስለሚወጣው ጉም፣ ስለ እናቴ ስፌት። ፊደሌ የዶሮ ጭረት ይመስላል። ግን ቃል ማባከን ስለማልችል አረፍተ ነገሬ አጠረ፤ ክፍል ውስጥ ስንቴ ተነግሮኝ ያልገባኝ ነገር!

በዓለም የታወቀው ምሳሌ ሜክሲኳዊቷ ሠዓሊ ፍሪዳ ካህሎ ናት። በ1925 (እ.ኤ.አ.) የተሳፈረችበት አውቶቡስ ከከተማ ባቡር ጋር ተጋጭቶ አከርካሪዋ ሲሰበር ዕድሜዋ 18 ነበር፤ ሐሳቧም ሐኪም መሆን ነበር። እናቷ ተኝታ የምትሥልበት ማስደገፊያ አሠራችላት፣ ከአልጋዋ በላይም መስታወት ተሰቀለላት። ፊቷን እያየች ራሷን ሣለች።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጥላሁን ገሠሠ አለ። በ1985 ዓ.ም. በፋሲካ አንገቱ በስለት ተጎዳ። ለድምፃዊ ከዚህ የከፋ ጉዳት የለም። ነገር ግን ድኖ እንደገና ዘፈነ፤ በ2001 ዓ.ም. እስካረፈበት ጊዜም ሕዝቡ አልተለየውም።

ከዚህ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ ሕክምናው ይቀድማል፤ ጥበብ ጀሶን አትተካም። ሁለተኛ፣ የቀረውን አካል መጠቀም ነው። ሦስተኛ፣ መስታወቱን የሚሰቅል፣ ትራሱን የሚያመቻች ሰው ያስፈልጋል። እኛ ጋዜጠኞች ስለ ተጎዳ ከያኒ ስንጽፍ ቁስሉን ብቻ እናሳያለን፤ ያንን ሰው ግን እንረሳዋለን። ጉዳት ብቻውን ሠዓሊ አያደርግም፤ ቢያደርግ ኖሮ ሆስፒታሉ ሁሉ በሠዓሊ በሞላ ነበር።

አሁን ጀሶው ወልቋል። ጣቶቼ ገና ቶሎ ይደክማሉ። ይህን ጽሑፍ ግማሹን በቀኝ፣ ግማሹን በግራ ጻፍኩት። የትኛው የቱ እንደሆነ ግን አልነግራችሁም!