«በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ»፦ ልጁ ላይ ዱላ ከማንሳታችን በፊት

 

ዛሬ የማነሳላችሁ ጉዳይ እዚህ ጌጃ ሰፈርም ሆነ ሌላ ሰፈር ብዙ ወላጆችን እንቅልፍ የሚነሳ ነው። ስርቆት ወይም ድብድብ የለመደ ልጅን ምን እናድርገው?

ተረቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። እንቁላል ሰርቆ ሲመጣ ዝም የተባለው ልጅ አድጎ ትልቅ ሌባ ይሆንና ቅጣቱ ሲደርስ እናቱን «በእንቁላሉ ጊዜ በቀጣሽኝ» ይላታል። ብዙ ወላጅ ከዚህ የሚወስደው «ቶሎ ግረፈው» የሚለውን ነው። እኔ ግን «ቶሎ» የምትለዋን ብቻ ያዙ እላለሁ። ዱላ ልጁን እንዳይያዝ መጠንቀቅ ያስተምረው ይሆናል፤ በተናደደ ሰዓት እንዴት ማሰብ እንዳለበት ግን አያስተምረውም።

ይህንን የሚያስተምር ሕክምና አለ። የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና፣ በአጭሩ «ሲቢቲ» ይባላል። አሮን ቤክ የተባለ አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለድብርት ሕሙማን የጀመረው ነው። ክኒንም መርፌም የለውም፤ ንግግርና ልምምድ ነው።

እንዴት ይሠራል?

አንድ የ15 ዓመት ልጅ ኳስ ሜዳ ላይ ሌላ ልጅ ገፋው እንበል።
👉 ሐሳቡ፦ «ንቆኝ ነው። ዝም ካልኩ የሰፈር መሳቂያ እሆናለሁ።»
👉 ስሜቱ፦ ደሙ ይፈላል፣ ልቡ በኃይል ይመታል።
👉 ድርጊቱ፦ ድንጋይ ያነሳል።

ይሄ ሁሉ በሰከንዶች ውስጥ ያልቃል። ሲቢቲ ልጁን በሐሳቡና በድርጊቱ መሃል ቆም ማለትን ያለማምደዋል። «አውቆ ነው ወይስ ሳያየኝ? ብመታው ነገ ምን ይከተላል?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ይለምዳል።

ለምን በእኛ ባህል ይቃኝ?

ልጁን «ስሜትህን ንገረኝ» ብትሉት ብዙ ጊዜ መልሱ «ምንም አልሆንኩም» ነው። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» እየተባለ ነዋ ያደገው! «ደምህ የሚፈላው ምን ሲሉህ ነው?» ብትሉት ግን ያወራል። «ክብር ምን ያደርግልሃል?» ከማለት ደግሞ «ራሱን የሚገዛ ነው ወንድ» ማለት ይሻላል። ልጁ ብቻውን አይኖርምና እናት፣ ታላቅ ወንድም፣ የሚያከብረው የሰፈር ሽማግሌ፣ የንስሐ አባት ወይም ኡስታዝ ቢያግዙት መልካም ነው።

ውጤቱስ?

ላይቤሪያ፣ ሞንሮቪያ ውስጥ በወንጀል ሕይወት ላይ በነበሩ 999 ወንዶች ላይ ጥናት ተደርጓል። ሕክምናው 8 ሳምንት የፈጀ ሲሆን፣ ከአሠልጣኞቹ መካከል ራሳቸው ከዚያ ሕይወት የወጡ ነበሩበት። ሠልጣኞቹ ንጹሕ ለብሶ ባንክና ሱቅ መግባትን ሳይቀር ተለማመዱ። ሕክምናውን ብቻ ያገኙት ላይ ለውጡ ከዓመት በኋላ እየደበዘዘ ሄደ። ከሕክምናው ጋር 200 ዶላር የተሰጣቸው ግን ከ10 ዓመት በኋላም ስርቆትና መሰል ጥፋታቸው በግማሽ ገደማ ቀንሶ ተገኘ። እነዚህ አዋቂዎች ቢሆኑም ትምህርቱ ለእኛም ይሆናል፦ ምክር ብቻውን አይበቃም፤ ልጁ የሚውልበት ትምህርት ወይም ሙያ ያስፈልገዋል።

ሕጋችንም ቢሆን ማረምን ነው የሚያስቀድመው። በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ መሠረት ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። ከ9 እስከ 15 ዓመት ላሉት ፍርድ ቤት ከሚያዛቸው እርምጃዎች ውስጥ ሕክምና፣ በክትትል የሚሰጥ ትምህርትና ተግሣጽ ይገኙበታል።

ከዛሬ ጀምሮ ቤት ውስጥ
1. «ሌባ»፣ «ዱርዬ» አትበሉት። ጥፋቱን ንገሩት እንጂ ስም አታውጡለት። «ዱርዬ ነኝ» ብሎ ካመነ እንደ ዱርዬ ነው የሚኖረው።
2. የእሱም የእናንተም ንዴት ይብረድ። ከዚያ «ያኔ ምን አሰብክ?» ብላችሁ ጠይቁት። «ለምን?» ሲባል ሰበብ ነው የሚፈልገው።
3. በሚቀጥለው ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚችል አብራችሁ አስቡ፤ ደጋግማችሁም አለማምዱት።
4. ጥፋቱ በዝምታ አይታለፍ። የወሰደውን ራሱ ይመልስ፣ ይቅርታም ይጠይቅ።
5. ራሱን የገዛባትን ቀን አይታችሁ አመስግኑት።

መቼ ወደ ሐኪም?

ራሱን ወይም ሰው ለመጉዳት ካሰበ፣ ስለት መያዝ ከጀመረ፣ ጫት፣ መጠጥ ወይም ማስቲሽ ከለመደ፣ እንቅልፍ ካጣ ወይም ጠባዩ ድንገት ከተለወጠ ዛሬ ነገ ሳትሉ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከጥፋቱ ጀርባ ድብርት፣ የደረሰበት ጥቃት ወይም የጭንቅላት ጉዳት ሊኖር ይችላል። ካስፈለገም ወደ አእምሮ ሕክምና ሪፈር ይጻፍለታል፤ አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ ነውር አይደለም።

ልጁ ገና እንቁላሉ ላይ ሳለ እንድረስለት። ይህ መልእክት ለሚያስፈልጋቸው ወላጆች ሼር አድርጉላቸው።