ሙያ ወይስ ቀለም? ከቱስኪጊ ታሪክ የምናገኘው ትምህርት

እኛ እጩ መምህራን በየመኝታ ክፍሉና በየምግብ አዳራሹ ከምንከራከርባቸው ጉዳዮች አንዱ «ትምህርት ለእንጀራ ነው ወይስ ለአእምሮ?» የሚለው ነው። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ ያለ ማስረጃ ስለሚካሄድ ድምፁ ከፍ ያለው ያሸንፋል። በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን በአንድ ተቋም ታሪክ እንመረምራለን። ተቋሙ በአሜሪካ፣ በአላባማ ግዛት የሚገኘው ቱስኪጊ ዩኒቨርሲቲ ነው። ዛሬ በእንስሳት ሕክምና፣ በምሕንድስና፣ በነርስነትና በመሳሰሉት ሙያዎች የሚያሠለጥን አነስተኛ የግል ዩኒቨርሲቲ ነው። ሲቋቋም ግን እንደኛው የመምህራን ማሠልጠኛ ነበር። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. አጀማመሩ

ትምህርት ቤቱን ጁላይ 4 ቀን 1881 የከፈተው በባርነት የተወለደውና ያኔ ሠላሳ ዓመት እንኳ ያልሞላው ቡከር ቲ ዋሽንግተን ነው። የአላባማ መንግሥት በዓመት 2,000 ዶላር ፈቀደ፤ ገንዘቡ ግን ለደመወዝ ብቻ የሚውል ነበር። መሬትም ሆነ ሕንፃ አልነበረም። ስለዚህ 30 የሚሆኑ ተማሪዎች በአንድ ቤተ ክርስቲያንና በአጠገቡ በነበረች አሮጌ ጎጆ ተጀመረ። ዝናብ ሲጥል አንዱ ተማሪ ተነሥቶ ለመምህሩ ጃንጥላ ይይዝ ነበር።

ከነዚህ ተማሪዎች አብዛኞቹ ቀድሞውኑ በገጠር የሚያስተምሩ መምህራን ነበሩ። አንዳንዶቹ ዕድሜያቸው ወደ አርባ ይጠጋል። ዋሽንግተን በሕይወት ታሪኩ እንደጻፈው ስለ ባንክ የሚወሳውን የሂሳብ ሕግ በቃላቸው የሸመደዱ ነበሩባቸው፤ ታዲያ እነሱም ጎረቤቶቻቸውም ባንክ ያስቀመጡት ቤሳ አልነበራቸውም! እዚህ ላይ ቆም ብለን ማሰብ አለብን። ነገ በየገጠሩ ስንመደብ ለልጆቹ የምንሰጠው ትምህርት ምን ዓይነት ይሆን?

ለ. የጡቡ ነገር

ትምህርት ቤቱ 100 ኤከር፣ ማለት በእኛ አለካክ አንድ ጋሻ ያህል፣ አሮጌ የእርሻ መሬት በ500 ዶላር ገዛ። ተማሪዎቹ ጥዋት እየተማሩ ከሰዓት በኋላ ይመነጥሩ ጀመር። ለግንባታ ጡብ ሲያስፈልግ ራሳቸው ለማምረት ተነሡ። የመጀመሪያው ምድጃ ከሸፈ። ሁለተኛውም ከሸፈ። ሦስተኛውም ሊያልቅ ሲል ፈረሰ። ገንዘብ አለቀ። ዋሽንግተን ሰዓቱን በ15 ዶላር አስይዞ አራተኛውን ሞከረ፤ ተሳካም። በኋላ የአካባቢው ነጮች ሳይቀሩ ጡብ ሊገዙ ይመጡ ነበር። በመጀመሪያዎቹ 19 ዓመታት ከተሠሩት 40 ሕንፃዎች ከ4ቱ በስተቀር ሁሉም በአብዛኛው በተማሪዎች ጉልበት የተሠሩ ናቸው።

ይህ ሁሉ ያለ ተቃውሞ አልሆነም። ብዙ ወላጆች «ልጃችንን የላክነው መጽሐፍ እንዲማር እንጂ አፈር እንዲያቦካ አይደለም» በሚል መንፈስ ይቃወሙ ነበር። ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሸማኔውን፣ ቀጥቃጩንና ሸክላ ሠሪዋን በስድብ ስም መጥራት በአገራችንም የቆየ በሽታ ነው። የለበስነውንና የበላንበትን የሠሩት ግን እነሱ ናቸው።

ሐ. የዱቦይስ ትችት

በ1903 ዶክተር ዱቦይስ የተባለው ጥቁር ምሁር ጠንካራ ትችት አቀረበ። ዋሽንግተን የእጅ ሙያን ሲያስቀድም የመምረጥ መብትን፣ የዜግነት እኩልነትንና ከፍተኛ ትምህርትን ወደ ኋላ ገፍቷል አለ። አንድ የማይካድ ነገርም ጨመረ፦ በቱስኪጊ የሚያስተምሩት መምህራን እኮ ከፍተኛ ትምህርት በሚሰጡ ኮሌጆች የተማሩ ናቸው፤ እነሱ ባይኖሩ ቱስኪጊ አንዲት ቀን ክፍት ሆኖ አይውልም።

እኛ ይህን ክርክር ስንመዝነው ሁለቱም እውነት ይዘዋል እንላለን። ጡብ መሥራት የሚያውቅ ግን መብቱን የማያውቅ ሰው የሠራው ቤት የሌላ ሰው ይሆናል። መብቱን አውቆ እጁ ምንም የማይሠራ ሰውም የሌላውን እጅ ሲጠብቅ ይኖራል።

መ. ለኢትዮጵያ የተረፈ ሙያ

ለዚህ ጥሩ ምስክር የሚሆነን ጆን ሮቢንሰን ነው። በቱስኪጊ የተማረው የአውቶሞቢል ጥገና ነበር። መብረር ፈልጎ ቺካጎ ሲሄድ የአቪዬሽን ትምህርት ቤቱ ጥቁር አልቀበልም አለው። እሱም በጽዳት ሠራተኛነት ገብቶ እየጠረገ ትምህርቱን አዳመጠ፤ በመጨረሻም ተማሪ ሆኖ ተቀበሉት። በ1935 ፋሽስት ኢጣልያ ስትነሣብን ወደ አገራችን መጥቶ የአየር ኃይላችን አዛዥ ሆኖ አገለገለ። በ1944 ተመልሶ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችን አሠለጠነ። በ1954 አዲስ አበባ ውስጥ በደረሰበት የአይሮፕላን አደጋ ምክንያት ሕይወቱ አለፈ።

እንግዲህ ልብ እንበል። ጥገናው እንጀራ ሊሰጠው ይችል ነበር። ከዚያ በላይ የወሰደው ግን ሙያው ብቻ ሳይሆን «ለምን አልፈቀዳችሁልኝም?» ብሎ የሚጠይቀው አእምሮው ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ሙያ ወይስ ቀለም?» ተብሎ መቅረቡ ራሱ የተጣመመ ይመስለናል። ሂሳብ ስናስተምር የማሳውን ስፋት እናስለካ፤ ልጁ ማሳውን ከለካ በኋላ ደግሞ የማን እንደሆነ የመጠየቅ ድፍረት እንዲኖረው እናድርግ። ጥቁር ሰሌዳና ዶማ የሚጣሉ ዕቃዎች አይደሉም።

ለውይይት፦
1. የገጠር ወላጅ «ልጄን ሥራ አታሠሩብኝ» ቢለን ምን ብለን እናስረዳዋለን?
2. በምንማረው የትምህርት ዓይነት ውስጥ «ባንክ ሳይኖር የባንክ ሂሳብ» የሚባል ነገር አለ ወይ? ካለ የቱ ነው?