አሮጌ ሞተር ስለ መፍታት

በደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የፈሰሰባት ስፍራ ናትና፥ እስከ ገሳይ ድረስ ላለው ሕዝብ የብረት ሥራ እንግዳ ነገር አይደለም። በደጁ አሮጌ መኪና የሚያድስ ሰው ግን የሚቸገረው ሲፈታ ሳይሆን መልሶ ሲገጥም ነው።

ለትምህርት ቮልስ የሚባለው መኪና ይመቻል፤ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱበት ዓይነት ነው። ሞተሩ ከኋላ ሆኖ በነፋስ ይበርዳል፤ ከካምቢዮውም ጋራ በ4 ቡሎን ይያያዛል። አስቀድሞ የባትሪው ሽቦ ይነቀል፤ የነዳጁ ቱቦ ይደፈን፤ ዘይቱም በዕቃ ይፍሰስ። ሞተሩን በክሪክ ሳይደግፍ ቡሎኑን የሚፈታ ሰው በገዛ አካሉ ይፈርዳል።

የሞተሩ ገላ በማግኒዥየም የተሠራ፥ ሁለት ክፍል ሆኖ የተገጠመ ነው። አልላቀቅ ቢል የተረሳ ቡሎን ይፈለግ እንጂ በመካከሉ መሮ አይግባ፤ ፊቱ ከተጫረ ዘይት ሲያንጠባጥብ ይኖራልና። ፒስተኖቹ እንዳይለዋወጡ በየሲሊንደራቸው ቁጥር ይጻፍባቸው።

በአሮጌዎቹ ሞተሮች ከሁሉ አብልጦ የሚመረመረው 3ኛው ሲሊንደር ነው። የዘይቱ ማብረጃ ነፋሱን ስለሚጋርደው ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል፤ የጢስ መውጫው ቫልቭ ተሰብሮ ፒስተኑን የሚያጠፋውም ብዙ ጊዜ በእርሱ ነው። በደጋ አየሩ ስስ ስለ ሆነ ሙቀቱን በሚገባ አይወስድም። ስለዚህ ያ ቫልቭ ለዓይን ደኅና ቢመስልም በአዲስ ይለወጥ።