ግፊቷ ደህና ነው፤ ታዲያ ልቧ ለምን ደከመ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ 61 ዓመቷ ነው። ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፤ እግሯም ያብጣል። ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ስትነሣ «ልብሽ ደክሟል፤ የሚረጨው 35 በመቶ ብቻ ነው» ተባለች። የደም ግፊቷ ግን 115/75 ነው። ኢናላፕሪል ሲታዘዝላት ጎረቤት «ይሄ እኮ የግፊት መድኃኒት ነው፤ ግፊት ለሌለበት ሰው ምን ይሠራል?» አላት። ሐኪሞቹ ተሳስተው ይሆን?
ልጇ፣ ከደሴ

መልስ፦ አልተሳሳቱም። ግፊት ብቻውን የልብን ጉልበት አይናገርም፤ ልብ ያንን ግፊት ያመጣው ምን ያህል ደም ይዞ እንደሆነ አብሮ መታየት አለበት።

ይህን በስሌት ካሳዩት መካከል በባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ሂሮዩኪ ሱጋና ኪዪቺ ሳጋዋ ይገኙበታል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በውሻ ልብ ግራ ታችኛው ክፍል ውስጥ ያለውን ግፊትና የደም መጠን በየቅጽበቱ ለኩ። የሚሞላው ደም ቢበዛም ቢያንስም፣ ልብ ጨምቆ የሚጨርስባቸው ነጥቦች በአንድ መስመር ላይ የተሰለፉ ያህል ሆኑ። አድሬናሊን ሲሰጡት መስመሩ ይበልጥ ቀና አለ። የመስመሩ አቀበትነት እንግዲህ የጡንቻውን ጉልበት ይናገራል ማለት ነው።

ለምሳሌ ጤነኛ ልብ 120 ሚሊ ሊትር ሞልቶ 70 ይረጫል፤ 58 በመቶ መሆኑ ነው። የደከመው ሰፍቶ 200 ይይዛል፤ እሱም 70 ይረጫል፤ ይህ ግን 35 በመቶ ብቻ ነው። የሚወጣው ደም እኩል ስለሆነ ክንድ ላይ የሚለካው ግፊትም ሊመሳሰል ይችላል። ክንዱ የዛለ ነፊ ትልቅ ወናፍ ቢይዝ ከሰሉ ይቀላል፤ ከምድጃው ወዲያ ያለ ሰው ድካሙን አያይም። የእናትዎም ነገር እንዲሁ ነው።

ኢናላፕሪል የደም ሥሮችን አላልቶ ልብ የሚገፋውን ሸክም ያቀላል። የታዘዘውም ለዚህ ነው።

ከላይ ያነሣሁት ልኬት በብዛት በእንስሳት የሚሞከረው፣ መስመሩን ለማግኘት ቀጭን ቱቦ ልብ ውስጥ ማስገባትና ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ለአፍታ መቀነስ ስለሚጠይቅ ነው። በእንስሳት የተገኘው ቁጥር ግን እንዳለ ለሰው አይገለበጥም፤ ለምሳሌ የአይጥ ልብ በደቂቃ ከ500 ጊዜ በላይ ይመታል።

እናትዎ «ግፊቴ ደህና ነው» ብለው መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ። ጠዋት ጠዋት ይመዘኑ፤ በ3 ቀን ውስጥ 2 ኪሎ ከጨመሩ ወይም ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ካጠራቸው ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሐኪም ይዩ።