የመመሪያ ድርሰት አጻጻፍ፦ በመዝናኛ መርከብ ላይ ከአደጋ መጠበቅ

መግቢያ

ባለፈው ትምህርት የተራኪ ድርሰትን ጠባይ ተመልክተናል። ተራኪ ድርሰት የሆነውን ነገር ይነግራል፤ ዛሬ የምናጠናው የመመሪያ ድርሰት ግን አንባቢው ሊያደርገው የሚገባውን ያመለክታል። በተራኪ ድርሰት ውስጥ አንድ ዐረፍተ ነገር ቢደበዝዝ አንባቢው ጥቂት ቅር ይለው ይሆናል፤ በመመሪያ ድርሰት ውስጥ ቢደበዝዝ ግን ሰው ሊጎዳ ይችላል። ከዚህ በታች ያለው ምንባብ ይህንኑ ያሳያል። ከመካከላችሁ ባሕር ያየ ጥቂት፣ በመዝናኛ መርከብ የተሳፈረ ደግሞ ምናልባት አንድም አይኖር ይሆናል። ይህ ምንባቡን ከመረዳት አያግዳችሁም። በመጀመሪያ ድምፃችሁን ሳታሰሙ አንብቡት፤ በሁለተኛው ንባብ ትእዛዝ የሚሰጡትን ግሦች በደብተራችሁ እየጻፋችሁ ሂዱ።

ምንባብ

የመዝናኛ መርከብ ሰውን ከወደብ ወደ ወደብ ከማድረስ ይልቅ በባሕር ላይ ማንሸራሸርን ዋና ተግባሩ ያደረገ መርከብ ነው። ትልልቆቹ ከሺህ በላይ የመኝታ ክፍሎች፣ የምግብ አዳራሾች፣ የመዋኛ ገንዳዎችና የቴአትር ቤቶች ስላሏቸው ተንሳፋፊ ከተማ ቢባሉ ማጋነን አይሆንም። ነገር ግን ምቾቱ ራሱ አንድ ችግር ይወልዳል፤ መንገደኛው በከተማ ውስጥ ያለ ስለሚመስለው ከእግሩ በታች ባሕር መኖሩን ይዘነጋል።

ጥር 4 ቀን 2004 ዓ.ም. ኮስታ ኮንኮርዲያ የተባለው የኢጣልያ መርከብ በሮማ አቅራቢያ ከሚገኘው ከቺቪታቬኪያ ወደብ ተነሥቶ ወደ ሳቮና ጉዞ ጀመረ። መርከቡ 290 ሜትር ያህል ርዝመት ነበረው። 3,206 መንገደኞችና 1,023 ሠራተኞች፣ በድምሩ 4,229 ሰዎች ተሳፍረውበት ነበር። ባሕሩ ጸጥ ያለ ስለነበረ የሚያሰጋ ነገር አልታየም። ይሁን እንጂ የመርከቡ አዛዥ ጂሊዮ ለምትባለው ደሴት በመርከብ ሰላምታ ለመስጠት ሲል ወደ ዳርቻው ከልክ በላይ ተጠጋ። ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ላይ፣ ብዙዎቹ መንገደኞች እራት በሚበሉበት ሰዓት፣ የመርከቡ ግራ ጎን ከዐለት ጋር ተጋጭቶ ተቀደደ። ውሃው ወደ ሞተሮቹ ክፍል ገባ፤ መብራትም ጠፋ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለትምህርታችን እጅግ አስፈላጊ ነው። ለመንገደኞቹ የተነገራቸው የኤሌክትሪክ ብልሽት መድረሱና ሁሉም ነገር በቁጥጥር ሥር መሆኑ ነበር። ወደየክፍላቸው እንዲመለሱ የታዘዙም ነበሩ። የባሕር ጠረፍ ጥበቃው እንኳ ስለ ነገሩ መጀመሪያ የሰማው ከመርከቡ አልነበረም፤ የአንድ መንገደኛ ዘመድ በየብስ ላሉ ፖሊሶች ስልክ በመደወሉ ነው። የአደጋው ማስጠንቀቂያ የተሰማው ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ33 ደቂቃ ላይ ነው። መርከቡን ለቅቃችሁ ውጡ የሚለው ትእዛዝ የተሰጠው ደግሞ በ4 ሰዓት ከ54 ደቂቃ ነው። ከግጭቱ እስከ ትእዛዙ ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ ባከነ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ መርከቡ ወደ ቀኝ እያዘነበለ ሄደ፤ ስለሆነም በግራው ጎን የነበሩትን የሕይወት አድን ጀልባዎች ወደ ባሕር ማውረድ እጅግ አዳጋች ሆነ። በአደጋው 32 ሰዎች ሞቱ። አዛዡ፣ መንገደኞቹ ወጥተው ሳያልቁ መርከቡን ትቶ በመውጣቱ ጭምር ተከሶ በ2007 ዓ.ም. የ16 ዓመት እስራት ተፈረደበት።

አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። በቺቪታቬኪያ ወደብ የተሳፈሩት መንገደኞች የአደጋ ጊዜ ልምምድ ገና አላደረጉም ነበር። በዚያን ዘመን የነበረው ዓለም አቀፍ ደንብ መንገደኞች በተሳፈሩ በ24 ሰዓት ውስጥ ልምምዱን እንዲያደርጉ ይፈቅድ ስለነበር ለማግሥቱ ተቀጥሮላቸው ነበር። መርከቡ ግን ማግሥቱን አልጠበቀም። ከዚህ አደጋ በኋላ ደንቡ ተሻሻለ፤ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2007 ዓ.ም. ጀምሮ ልምምዱ መርከቡ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደተነሣ ወዲያውኑ እንዲደረግ ግዴታ ሆነ። ደንቡ ራሱ የተወለደው ከሌላ ታላቅ አደጋ ነበር። ቲታኒክ በሚያዝያ ወር 1904 ዓ.ም. ሲሰጥም 2,200 ያህል ሰዎች ተሳፍረውበት ሳለ ጀልባዎቹ ሊይዙ የሚችሉት 1,178 ሰዎችን ብቻ ነበር፤ ከ1,500 በላይ ሰዎችም አለቁ። በዚህም ምክንያት በ1906 ዓ.ም. በሎንዶን ላይ የመጀመሪያው የባሕር ደኅንነት ስምምነት ተፈረመ።

እንግዲህ በመዝናኛ መርከብ የሚሳፈር ሰው ምን ያድርግ? ሻንጣውን ከመፍታቱና ገንዳውን ከማየቱ በፊት የመሰብሰቢያ ስፍራውን ይወቅ። ይህ ስፍራ ብዙውን ጊዜ በፊደል ወይም በቁጥር ይለያል፤ በክፍሉ በር ጀርባም ላይ ተጽፎ ይገኛል። ከክፍሉ እስከ ቅርቡ ደረጃ ድረስ ስንት በር እንዳለ ይቁጠር፤ መብራት ቢጠፋ ወይም ጭስ ቢሞላ በእጁ እየዳሰሰ ሊደርስ የሚችለው ቁጥሩን ሲያውቅ ነው። የሕይወት አድን ሰደርያው በክፍሉ ውስጥ ወይም በመሰብሰቢያው ስፍራ መቀመጡን ይጠይቅ፤ ለልጆች የሚሆነው መጠኑ የተለየ ስለሆነ ልጅ የያዘ ሰው ይህን አጥብቆ ይጠይቅ። ልምምዱ ሲጠራ አይቅር። ሰባት አጫጭርና አንድ ረጅም የጡሩምባ ድምፅ በሰማ ጊዜ ዕቃውን ትቶ በደረጃ ይሂድ፤ አሳንሰር ውስጥ አይግባ።

በየዕለቱ የሚያጋጥሙት አደጋዎች ግን ከዚህ ያነሱ ናቸው። መርከቡ በማዕበል ሲናወጥ አንድ እጅ ምንጊዜም መደገፊያውን ይያዝ። ወደ ውጭው ወለል የሚያወጡት ከባድ በሮች በነፋስ ኀይል ሲዘጉ ጣት ይቀጠቅጣሉና ከጠርዙ እጅን ማራቅ ያስፈልጋል። በአጥር ብረቱ ላይ መቀመጥና መውጣት ፈጽሞ አይገባም። ሰው ወደ ባሕር ቢወድቅ፣ ያየው ሰው «ሰው ወደቀ!» ብሎ ይጩህ፤ ተንሳፋፊ ቀለበት ይወርውርለት፤ ዐይኑንም ከወደቀው ሰው ሳይነቅል በጣቱ ያመልክት። መርከብ እንደ መኪና ባለበት ስለማይቆም በማዕበል መካከል የአንድን ሰው ራስ አንዴ ከዐይን ያጣ መልሶ ለማግኘት ይቸገራል።

ሻማ ማብራትና በክፍል ውስጥ ካውያ መጠቀም በአብዛኞቹ መርከቦች የተከለከለ ነው፤ ምክንያቱ ቃጠሎ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ጣራ ሥር ስለሚበላ የተቅማጥና የትውከት በሽታ በቀላሉ ይዛመታል፤ ይህን በሽታ ከሚያመጡት መካከል ኖሮቫይረስ የተባለው በአልኮል ፈሳሽ በሚገባ ስለማይጠፋ ከመብላት በፊት እጅን በሳሙናና በውሃ መታጠብ ይሻላል። መድኀኒት የሚወስድ ሰው መድኀኒቱን በእጅ ቦርሳው ይያዝ። ወደብ ላይ ለመንሸራሸር የወረደ ደግሞ የመመለሻውን ሰዓት በመርከቡ ሰዓት ይቁጠር፤ የዘገየን መንገደኛ መርከቡ ትቶት ሊሄድ ይችላል።

የቃላት ፍች

ማንሸራሸር፦ ለመዝናናት ማዘዋወር። ማዘንበል፦ ወደ አንድ ጎን መጋደል። አዳጋች፦ ለመፈጸም የሚያስቸግር። ሰደርያ፦ እጅጌ የሌለው ልብስ፤ በምንባቡ ውስጥ ሰውን በውሃ ላይ የሚያንሳፍፈውን ዓይነት ያመለክታል።

ሰዋስው፦ ትእዛዝ አንቀጽ

ትእዛዝ አንቀጽ በቅርብ ላለ ሰው ሲነገር «ልበስ፣ ልበሺ፣ ልበሱ» ይላል። ለሩቅና ለአክብሮት ሲሆን «ይልበስ፣ ትልበስ፣ ይልበሱ» ይባላል። ምንባቡ «ይወቅ፣ ይቁጠር፣ ይጠይቅ» እያለ የሄደው ስለ ማንኛውም መንገደኛ በሩቅ ስለሚናገር ነው። ይኸው ምክር በመርከብ ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ግን አንባቢው በፊቱ ስለሚቆም «ዕወቁ፣ ቍጠሩ፣ ጠይቁ» መባል ይኖርበታል።

በአሉታ ጊዜ «አት» ከፊት ይመጣል። እዚህ ላይ ተማሪዎች ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ። «አሳንሰር ውስጥ አትግቡ» ክልከላ ነው፤ «አሳንሰር ውስጥ አትገቡም» ግን ስለሚሆነው ነገር መናገር ነው። ልዩነቱ በአንዲት ፊደልና በመጨረሻው «ም» ላይ ነው። እንዲሁም «ሰደርያ ይለበሳል» የሚለው ተገብሮ ግሥ ማን እንደሚለብስና መቼ እንደሚለብስ ስለማይናገር ለመመሪያ አይመችም።

ሌላው ነገር የአማርኛ ጠባይ የሚያመጣው ነው። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ የሚመጣው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሆነ፣ ዐረፍተ ነገሩ በረዘመ ቍጥር ትእዛዙ ይዘገያል። የሚከተሉትን አስተያዩ፦

ሀ/ በመርከቡ ውስጥ ቃጠሎ ተነሥቶ የማስጠንቀቂያው ድምፅ በሚሰማበት ጊዜ በየመኝታ ክፍላቸው ያሉ መንገደኞች ንብረታቸውን ለመሰብሰብ ሳይሞክሩና በአሳንሰር ለመጠቀም ሳያስቡ በደረጃ በኩል ወደየመሰብሰቢያ ስፍራቸው ይሂዱ።

ለ/ የማስጠንቀቂያውን ድምፅ ስትሰሙ ከክፍላችሁ ውጡ። ዕቃ አትሰብስቡ። አሳንሰር ውስጥ አትግቡ። በደረጃ ወደ መሰብሰቢያ ስፍራችሁ ሂዱ።

«ሀ» በሰዋስው ረገድ አንዳች ስሕተት የለበትም፤ ለመዝገብ ወይም ለደንብ መጽሐፍ ይስማማል። ነገር ግን በጭስ መካከል የቆመ ሰው «ይሂዱ» እስኪል ድረስ መጠበቅ አለበት። «ለ» በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ያስወጣዋል።

ግልጽነት ብቻውን ግን በቂ አይደለም። በዚያች ምሽት በኮንኮርዲያ ላይ የተነገረው «ወደ ክፍላችሁ ተመለሱ» ዐይነቱ ትእዛዝ አጭርና ግልጽ ነው፤ ግሡም በቦታው ነው። የጎደለው እውነቱ ነበር። መመሪያ ስትጽፉ ከግሡ አስቀድማችሁ ምክንያቱን መርምሩ።

መልመጃ አንድ

የሚከተሉትን ጥያቄዎች በተሟላ ዐረፍተ ነገር መልሱ። 1/ መርከቡ ከተጋጨበት ሰዓት እስከ መጀመሪያው የማስጠንቀቂያ ድምፅ ድረስ ስንት ደቂቃ አለፈ? 2/ የልምምዱ ደንብ ከ2007 ዓ.ም. በፊትና በኋላ በምን ይለያያል? 3/ በሮችን መቍጠር ለምን ይጠቅማል?

መልመጃ ሁለት

«የዕለት አደጋዎች» ከሚገለጹበት ስፍራ፣ ማለትም «በየዕለቱ የሚያጋጥሙት» ከሚለው ጀምሮ፣ አምስት ምክሮችን መርጣችሁ በግድግዳ ላይ እንደሚለጠፍ ጽሑፍ በቅርብ ትእዛዝ አንቀጽ ጻፉ። ሁለቱ በአሉታ ይሁኑ። ከስምንት ቃላት የሚበልጥ ዐረፍተ ነገር አይኑር።

መልመጃ ሦስት

ራሳችሁ የምታውቁትን አንድ ስፍራ ምረጡ፤ የጣና ጀልባ፣ የትምህርት ቤታችሁ ቤተ ሙከራ ወይም የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሊሆን ይችላል። በዚያ ስፍራ አደጋ ቢደርስ ሰዎች በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ሊያደርጉት የሚገባውን አንድ ገጽ በማይሞላ መመሪያ ጻፉ። ከዚያም ጽሑፉን ስለ ስፍራው ለማያውቅ ጓደኛችሁ ስጡና የታዘዘውን በአካል እንዲፈጽም አድርጉ። የቆመበትንና የጠየቃችሁን ቦታ አስምራችሁ እንደገና አርሙት።